ኢ ኮላይን ማን ገደለው?

የምሠራበት ላብራቶሪ በባሕር ስፖንጅ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች አዲስ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። የኔ ድርሻ ኬሚስትሪው ነው። ሌሎቹ ባክቴሪያውን ለይተው ያበቅላሉ፤ እኔ ደግሞ ያመረተውን ነገር አውጥቼ ምን እንደሆነ አጣራለሁ። አንድ ናሙና ላይ የገጠመን ነገር ግን ከኬሚስትሪው በላይ አስተምሮኛል። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ ብታውቁት ደስ ይለኛል።

ለምን ስፖንጅ የሚል ካለ፣ ስፖንጅ እንስሳ ነው። ግን ካለበት ተነስቶ አይሸሽም፣ ጥርስ የለውም፣ ጥፍር የለውም። የሚኖረው የባሕር ውሃ እያጣራ ሲሆን አንድ ኪሎ የሚሆን ስፖንጅ በቀን ሺዎች ሊትር ውሃ ሊያሳልፍ ይችላል። ከውሃው ጋር ከሚገባው ባክቴሪያ አብዛኛው ይበላል፣ አንዳንዱ ግን እዚያው ጎጆ ቀልሶ ይቀራል፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ከስፖንጁ ክብደት ሲሶ ያህሉ ረቂቅ ተህዋሲያን ናቸው። እንዲህ ተጨናንቆ የሚኖር ነገር ጎረቤቱን የሚያርቅበት ኬሚካል ቢኖረው አይገርምም። ተስፋውም ባዶ አይደለም። ቨርነር በርግማን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከካሪቢያን ስፖንጅ ያገኛቸው ውህዶች መንገድ ጠርገው፣ ሳይታራቢን የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት በ1969 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። በኋላ ደግሞ፣ በ2014 የወጣ ጥናት ቴዎኔላ ስዊንሆይ የተባለው ስፖንጅ ይታወቅባቸው ከነበሩት ኬሚካሎች አብዛኞቹን የሚሠራው ራሱ ስፖንጁ ሳይሆን ውስጡ ያለ ኤንቶቴዎኔላ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳየ። እኛም የምንሮጠው ለዚህ ነው።

ወደ ነገሩ ልግባ። ስፖንጁ ይፈጫል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያ በባሕር ውሃ በተዘጋጀ አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያ በሚበቅልበት ጄል መሳይ ነገር ላይ ይዘረጋል። ችግሩ ፈጣኖቹ ናቸው። ፈንገስና አንዳንድ ቶሎ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች በጥቂት ቀን ውስጥ ፔትሪ ዲሹን (አጋሩ ያለበትን ጠፍጣፋ ሳህን) ይሸፍኑታል፤ እኛ የምንፈልጋቸው፣ ብዙ አንቲባዮቲክ የሚገኝባቸው አክቲኖባክቴሪያዎች ግን ዘገምተኛ ናቸው፣ ብቅ ለማለት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ሚዲያው (ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ) ውስጥ ሁለት ነገር ይጨመራል። ሳይክሎሄክሲማይድ ፈንገሱን ይይዛል፣ ናሊዲክሲክ አሲድ ደግሞ ፈጣኖቹን ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች። ይህ በብዙ ላብራቶሪ የተለመደ አሠራር ነው።

ከዚያ ናሙና የበቀሉት ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) መልካቸው ያምር ነበር። ባልደረባችን ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ከነአጋራቸው በክብ በክቡ ቆርጦ መፈተሻዎቹ ላይ አስቀመጣቸው፤ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ የሆነው ኢ ኮላይ፣ ግራም ፖዘቲቭ የሆነው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ የዳቦ እርሾ እና ሌላ የእርሾ ዓይነት የሆነው ካንዲዳ አልቢካንስ ላይ። በማግስቱ ኢ ኮላዩና የዳቦ እርሾው ላይ ጥርት ያለ፣ ምንም ያልበቀለበት ክብ ወጣ። ስታፊሎኮከሱና ካንዲዳው ላይ ምንም የለም። ውጤቱም የአንድ ባክቴሪያ ብቻ አልነበረም፣ ከዚያ ስፖንጅ የወጡት ሁሉ እንዲያ አደረጉ።

ደስታችንን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ ተጨማሪ ውጫዊ ሽፋን ስላለው ብዙ ኬሚካል ዘልቆ አይገባውም። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ነገር ስታፊሎኮከስን ይገድልና ኢ ኮላይ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። በዓለም ላይ በጣም የሚፈለገው ደግሞ ይኸው ነው፣ ግራም ኔጋቲቭን የሚመታ አዲስ መድኃኒት። ሁሉም አንድ ላይ መሥራታቸውም ወዲያው ማብራሪያ አገኘ፤ ስፖንጁ የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች መርጦ ያኖራል ተባለ።

ከዚያ ባክቴሪያዎቹን አጥርተን ምንም ያልተጨመረበት ሚዲያ ላይ ስናበቅላቸው ክቡ ጠፋ። የሁሉም።

ለዚህም ማብራሪያ አልጠፋም። ባክቴሪያ ከቤቱ ሲወጣ ጂኖቹ ይተኛሉ፣ ሲያመርት የነበረውን ያቆማል። ይህ እውነት ነው፣ ብዙ የተጻፈበት ነው። ስለዚህ የማንቃት ሥራ ተጀመረ። ምግቡ ተቀየረ፣ ጨው ተጨመረ፣ ሙቀት ተቀነሰ፣ ከሌላ ባክቴሪያ ጋር አብሮ ተዘራ፣ የስፖንጅ ጭማቂም ተሰጠው። የእያንዳንዱ ብልቃጥ ኤክስትራክት ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔም በማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውሎችን ክብደት በሚለካ ማሽን) አየዋለሁ። ምንም። ሳምንታት እንዲህ አለፉ፣ ገንዘብም ሄደ።

ነገሩን የፈታችው ሚዲያ የምታዘጋጀው ባልደረባችን ናት። ውጤት የምንገመግምበት ስብሰባ ላይ እምብዛም አትጠራም ነበር፤ የዚያን ቀን ስለ አዲስ ሚዲያ ልትጠየቅ ገብታ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አየች። “ዶክተር፣ የሞቱት ኢ ኮላይና እርሾ ብቻ ናቸው አይደል?” አለች። “እኔ ሚዲያው ውስጥ የምጨምራቸው ነገሮችም እኮ እነዚህኑ ነው የሚገድሉት።”

ኃላፊያችን ትንሽ አሰበና “እስቲ ከዚያው ዲሽ ምንም ያልበቀለበትን ቦታ ቆርጠሽ አስቀምጪልን” አላት። በማግስቱ ባዶው አጋር ባክቴሪያ ካለበት ጋር እኩል የሆነ ክብ ሠርቶ ተገኘ።

ባዶውን አጋር ወስጄ ውስጡ ያለውን ኬሚካል አጥቤ አወጣሁና በማሽኑ አየሁት። 233 እና 282 ላይ ሁለት ጫፍ ወጣ፤ ናሊዲክሲክ አሲድና ሳይክሎሄክሲማይድ፣ እያንዳንዳቸው ማሽኑ ውስጥ የሚጨመርባቸውን አንድ ፕሮቶን ይዘው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳይክሎሄክሲማይድ ብቻውን ቢገኝ ክርክሩ አያልቅም ነበር፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ የአክቲኖባክቴሪያ ምርት ነው፤ የሚመጣው በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ከተገኘበት ከስትሬፕቶማይሲስ ግሪሰስ ነው። የኛ ባክቴሪያ ነው የሠራው የሚል ሰው ይኖር ነበር። ናሊዲክሲክ አሲድ ግን ሰው በፋብሪካ የሚሠራው ነገር ነው። ስፖንጅ ውስጥ ምን ይሠራል?

ወደ ኋላ ስናየው ደግሞ አራቱ መፈተሻዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው መልሱን ሲነግሩን ነበር። ናሊዲክሲክ አሲድ ኢ ኮላይን ይመታል፣ ስታፊሎኮከስን እምብዛም አይነካም። ሳይክሎሄክሲማይድ የዳቦ እርሾን ያቆማል፣ ካንዲዳ አልቢካንስ ግን ይቋቋመዋል። ያስደሰተን ያ ተገላቢጦሽ ራሱ የሁለቱ አሻራ ነበር።

ማንም ሰነፍ ስለነበረ የሆነ ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱም ማብራሪያዎች እውነት መሆናቸው ነው። ባክቴሪያ ስፖንጁን ይጠብቃል፣ ጂኖችም ይተኛሉ። በሌላ ቦታ እውነት ስለሆኑ እዚህስ እውነት ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ውሸት የሆነ ማብራሪያ ቢሆን ኖሮ ቶሎ እንነቃበት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ከእያንዳንዱ የሚዲያ ዙር ባዶ አጋር ተቆርጦ ከባክቴሪያዎቹ ጎን ይፈተሻል። ከመለያው ሚዲያ በቀጥታ መፈተሽ ቀርቷል፣ መጀመሪያ ወደ ንጹሕ ሚዲያ ይዛወራሉ። እኔም ሚዲያው ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ክብደት ዘርዝሬ ማሽኑ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ከነሱ አንዱ ብቅ ሲል ወዲያው ያሳውቃል። ሚዲያ የምታዘጋጀው ባልደረባችንም በየስብሰባው ትገኛለች፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ የምታነሳው እሷ ናት።

ባክቴሪያዎቹን አልጣልናቸውም። ግሊሰሮል ውስጥ ሆነው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተቀምጠዋል፣ ጂኖማቸው እየተነበበ ነው። ስለነሱ እስካሁን የምናውቀው ነገር የለም፤ እስከዛሬ ስንለካ የቆየነው የራሳችንን ሚዲያ ነበርና።