ክረምቱን ለረጅም መጽሐፍ

የሰኔ ፈተና አልቆ ካርድ በሚሰጥበት ሰሞን ተማሪዎቼን ክረምቱን በምን እንደሚያሳልፉ ስጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ማጠናከሪያ ትምህርት ገብተው የመጪውን ክፍል ትምህርት ቀድመው እንደሚማሩ ይነግሩኛል። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ለልጆቻቸው አስበው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም አንድ ተማሪ ረጅም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ፋታ የሚያገኘው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ እነዚህንም ወራት በማጠናከሪያ መሙላት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ብዬ አምናለሁ።

በትምህርት ዘመኑ ልጁ የሚያነበው ቁርጥራጭ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ምንባብ አጭር ነው፤ ከሥሩም ጥያቄ ስላለ ልጁ የሚያነበው መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ይሆናል። ይህ ልማድ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ መስማት ይበቃል። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር የሚታሰረው መጨረሻው ላይ በሚመጣው ግስ በመሆኑ፣ አንባቢው ባለቤቱን፣ ጊዜውን፣ ቦታውንና ምክንያቱን በልቡ ይዞ እስከ ማሰሪያ አንቀጹ መዝለቅ አለበት። ልምድ የሌለው ልጅ ግን መካከል ላይ ይቆምና በጣቱ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመልሶ «ማን ነበር?» ይላል። ፊደል ሳይለይ ቀርቶ አይደለም፤ እያንዳንዱን ቃል አስተካክሎ አንብቦታል። የጎደለው ሐሳብን ይዞ የመዝለቅ ልምድ ነው፤ ይህን ደግሞ ብዙ ከማንበብ በቀር የሚያስገኝ ሌላ መንገድ አላየሁም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ መጽሐፉን ራሳችሁ ምረጡ። የወንጀል ታሪክም ይሁን ተረት፣ የጦር ሜዳ ማስታወሻም ይሁን የፍቅር ልብ ወለድ፣ አልጥም ካላችሁ ትታችሁ ሌላ ያዙ። ወላጆችም ልጁ አንብቦ በጨረሰ ቁጥር «አሳጥረህ ጻፍ» ባትሉት እመርጣለሁ፤ ንባቡ እንደገና የቤት ሥራ ይሆንበታልና። ይልቁን ቡና ሲፈላ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። በተለይ ማንበብ የማይችሉ አያት ቤት ውስጥ ካሉ፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» እያሉ ስለሚጠይቁት ልጁ ሳይታክተው ይቀጥላል።

አዲስ አበባ ያላችሁ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አሉላችሁ። ከከተማው ርቀው ለሚኖሩት ግን ያለው አንድ የትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እሱም ልጆች ጊዜ በሚያገኙበት ወቅት ይቆለፋል። ርዕሳነ መምህራን ሰኔ ላይ፣ ከመዘጋቱ በፊት፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ መጽሐፍ በወላጅ ፊርማ አውሰው መስከረም ላይ መልሰው ቢቀበሉ በጀት አይጠይቃቸውም። የሚጠፋ መጽሐፍ መኖሩ አይቀርም፤ ቢሆንም ይደረግ እላለሁ። ሆያ ሆዬ የምትጨፍሩ ልጆችም ከቡሄ ገንዘባችሁ ጥቂት አዋጥታችሁ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ግዙና እስከ እንቁጣጣሽ በየተራ አንብቡት።