ብሎኩን ሳሳድግ ያተረፍሁትና ያጣሁት

የጥር ሠርግ ገና ሳያልቅ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ወዳለችው ትንሽ የኮምፒውተር መጠገኛዬ አንድ ፎቶ አንሺ 500 ጊጋባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ በመሐረብ ጠቅልሎ መጣ። ዲስኩ ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሰውየው «የሰው ሠርግ ነው እኮ፣ አደራህን!» ብሎኝ ሄደ።

ሙሉ ዲስኩን ወደ አዲስ ዲስክ ለመገልበጥ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ዲዲ (dd) የተባለውን የመገልበጫ ትዕዛዝ አስነሣሁ፤ የብሎክ መጠን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አንብቦ የሚጽፈውን የመረጃ ቁራጭ መጠን፣ ግን አልሰጠሁትም። ዲዲ ካልተነገረው በቀር በ512 ባይት ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ያ ዲስክ 976,773,168 ጊዜ መነበብ፣ ያንኑ ያህል ጊዜም ወደ አዲሱ መጻፍ ነበረበት፤ እያንዳንዱም ጥያቄ የሊኑክስ አስኳል ከሆነው ከርነል ዘንድ ደርሶ ይመለሳል። ኩንታል ጤፍ በስኒ እንደ መስፈር ነው። በዚያ ላይ ሊኑክስ መረጃውን በማህደረ ትውስታ የሚይዘው «ገጽ» በሚባል የ4096 ባይት ቁራጭ በመሆኑ፣ ከዚያ ያነሰ ቁራጭ ሲጻፍ ቀሪውን ለመሙላት ከመድረሻው ዲስክ አስቀድሞ ማንበብ ሊያስፈልግ ይችላል። ፍጥነቱ በሰከንድ 7 ሜጋባይት ገደማ ሆነ፤ ሃያ ሰዓት ያህል ማለት ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋና ልፋቴ ሁሉ መና ቀረ።

መብራቱ ሲመለስ በሁለት ጤነኛ ዲስኮች ላይ ሞከርሁ። በ4 ኪሎባይት ብሎክ ፍጥነቱ በብዙ እጥፍ ጨመረ፣ በ64 ኪሎባይት በሰከንድ ወደ 85 ሜጋባይት ደረሰ፤ 1 ሜጋባይትም ሆነ 16 ሜጋባይት ብሰጠው ግን ከዚያ የረባ ለውጥ አላየሁም፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሚገድበው የጥያቄው ብዛት ሳይሆን ዲስኩ ራሱ ነው። እኔ ግን «ትልቅ ከሆነ አይጎዳም» ብዬ ለታመመው ዲስክ 4 ሜጋባይት ሰጠሁት፤ ስሕተት ሲያጋጥመው እንዳይቆም፣ ያልተነበበውንም በዜሮ እንዲሞላ አዘዝሁት።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ፣ እኔም ደስ አለኝ። ፎቶዎቹን ስከፍት ግን የአንዷ ሙሽራ ምስል ከአገጯ በታች ግራጫ ሆኖ አገኘሁት። ዲዲ በብሎኩ ውስጥ አንድ የማይነበብ ሴክተር (የዲስክ ትንሹ ክፍል) ሲገጥመው፣ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ እስከ ብሎኩ ጫፍ ያለውን ሁሉ በዜሮ ይሞላዋል። የተበላሸው 4096 ባይት ብቻ ቢሆን እንኳ 4 ሜጋባይት የሚጠጋ ጤነኛ መረጃ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ይህም አንድ ሙሉ ፎቶ ነው።

ደግነቱ ዋናው ዲስክ ገና አልሞተም ነበር። በሦስተኛው ሙከራ ከታመመ ዲስክ መረጃ ለማውጣት የተሠራውን ዲዲሬስኪው (ddrescue) የተባለ ፕሮግራም ተጠቀምሁ። እርሱ በመጀመሪያ በ64 ኪሎባይት ቁራጭ ጤነኛውን ክፍል ያወጣል፣ አስቸጋሪውን ስፍራ ዘሎ ያልፋል፣ በመጨረሻም ወደዚያው ተመልሶ ሴክተር በሴክተር ይለቅማል። የደረሰበትን በካርታ ፋይል ስለሚመዘግብም፣ ማታ መብራት ሁለተኛ ሲጠፋ ካቆመበት ቀጠልሁ። ከዚያ ወዲህ ጤነኛ ዲስክ በዲዲ ስገለብጥ 1 ሜጋባይት እሰጠዋለሁ፤ ቀጭ የሚል ዲስክ ሲመጣ ግን ዲዲን አላስነሣም።

ሙሽራዪቱ እስከ ቀሚሷ ጫፍ ወጣች። ሦስት ፎቶዎች ግን አልተመለሱም፤ ሁለቱ የኬክ ቆረሳው ናቸው፣ ሦስተኛው ደብዛዛ ስለነበር ፎቶ አንሺው ራሱ «ተወው» አለኝ።