ጭላዳ ለማየት ከፍዬ

ዛሬ ደሴ ጭጋጉ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳም፣ ጦሳ ተራራ ራሱ የት እንደገባ አይታይም፣ መብራትም ሄዷል፣ እኔ ደግሞ ስልኬ ሞልቶብኝ የድሮ ፎቶ እያጠፋሁ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ቁጭ ስል የ2012 ጥቅምት የስሜን ተራሮች ፓርክ ፎቶዎች ላይ ደረስኩና ማጥፋቱ በዛው ቀረ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

የሄድነው ሁለት ሆነን ነው፣ እኔና የኮምቦልቻው ጓደኛዬ። ሀሳቡ የሱ ነበር። እኔማ እውነቱን ለመናገር ተራራ ለማየት ከደሴ ተነስቶ መሄድ ራሱ ያስቀኝ ነበር፣ መስኮት ከፍቼ የማየው ምን ሆኖ ነው? ብቻ ተሸነፍኩ። ወልድያ፣ ጋሸና፣ ደብረ ታቦር፣ ጎንደር፣ ከዛ ደባርቅ፣ ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ላይ ጉልበታችን እስኪደርቅ። ደባርቅ የፓርኩ ቢሮ ተመዝግበን፣ ከፍለን፣ ጠብመንጃ የያዘ ስካውት ተመድቦልን ገባን። ያለ ስካውት መግባት የለም።

ስካውታችን ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ፣ ነጭ ኮፍያ፣ ፕላስቲክ ጫማ፣ ትከሻቸው ላይ ጋቢ፣ በቃ። እኛ እዛች ከተማ የተከራየነውን ስሊፒንግ ባግና ወፍራም ጃኬት ተሸክመን እያለከለክን እሳቸው ወደ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚራመዱት። ከደሴ ነን ስንላቸው ፊታቸው ፈካ አለ፣ «የወሎ ልጆች!» ብለው እንደገና ሰላም አሉን።

ሳንቃበር፣ የመጀመሪያው ማደሪያ ካምፕ፣ ሳንደርስ ነው መጀመሪያ ጭላዳ ያየነው። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ ሜዳው በሙሉ ጭላዳ ነው፣ ቁጭ ብለው በጣታቸው ሳር እየነጩ ይበላሉ፣ አንዱን ቦታ ሲጨርሱ ሳይነሱ በመቀመጫቸው ሸርተት ይሉና ይቀጥላሉ። ወንዶቹ እንደ አንበሳ ጎፈር አላቸው፣ ደረታቸው ላይ ያ ቀዩ የተላጠ ቆዳ። ከዝንጀሮ ዘር ሳር እየጋጠ የሚኖር እሱ ብቻ ነው፣ የሚገኘውም እኛው ሀገር ደጋ ላይ ብቻ። ሲመሽ ገደል ወርደው ነው የሚያድሩት። ፈረንጆቹ መሬት ላይ ተኝተው ፎቶ ያነሳሉ፣ አንዷማ እንባዋ መጣ። ጓደኛዬም አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ግን ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሳሁ።

ወላሂ ሳላስበው ነው! እጄ ነው ያነሳው።

እንግዲህ ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ጉጉፍቱ አያቴ ጋ ነበር የምላከው። ጉጉፍቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የደሴ ብርድ እዛ ሙቀት ነው። የኔ ስራ ገብስ መጠበቅ ነበር። ከማን? ከጭላዳ። ጠዋት በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ ወንጭፌን ይዤ እወጣለሁ፣ እነሱ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ብቅ ብለው ያዩኛል፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ጠብቀው ነው የሚገቡት፣ እያንዳንዱን ዛላ መርጠው። አንድ ቀን ተኝቼ ስነሳ የማሳው አንድ ጥግ አልቆ ነበር። እምዬ (አያቴን እንደዛ ነው የምንላት) አልመታችኝም፣ ማታ ግን እራቴን ስታቀርብልኝ «ያንተን ድርሻ እኮ በልተውታል» አለችኝ። ያቺ ንግግር ከዱላ በላይ ናት። ስለዚህ እኔና ጭላዳ የቆየ ቂም አለን፣ አሁን ደግሞ ከፍዬ፣ ሁለት ቀን ተጉዤ፣ ዝም ብዬ ሲበሉ ልይ?

ስካውቱ ድንጋዩን አዩትና ሳቁ። «ተው ልጄ፣ እዚህ የነሱ ነው» አሉኝ። አፍሬ ጣልኩት።

ከሳንቃበር ወደ ግጭ በእግር ነው የሄድነው። መንገድ ላይ የጅንባር ፏፏቴን አየን፣ ገደሉ ውስጥ ውሃው መሬት ሳይደርስ ጉም የሚሆን ነው የሚመስለው። የተቃጠለ አስታም (የደጋ ዛፍ ነው) ነበር፣ በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ የተነሳው እሳት ያገኘው ነው፣ ከእስራኤል ድረስ እሳት አጥፊ የመጣለት ያ እሳት። ጥቁሩ ግንድ እንደቆመ ነው፣ ስሩ ላይ ግን አረንጓዴ ብቅ ብቅ ብሏል። ትንፋሽ ነገር እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ጓደኛዬ የኮምቦልቻ ልጅ ስለሆነ ሞቃት ነው የለመደው፣ እኔ ደሴ ስለተወለድኩ ደረቴን ነፍቼ ሳሾፍበት ነበር፣ ግጭ ላይ ግን 3,600 ሜትር ነው፣ እሱም እኔም እኩል ዝም አልን። ሌሊቱን አላወራውም። ድንኳኑ ላይ አመዳይ ነበር፣ እሱን ብቻ ልበል።

ግጭ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እዚህም እዚያም እንደ ሰው ቆሟል። ጅብራ ብዙ አመት ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይደርቃል። እኔ ሜዳውን እያየሁ እንዴት ያምራል እያልኩ ስካውቱ ግን ሜዳውን አልነበረም የሚያዩት። አንድ የድንጋይ ክምር ጋ ስንደርስ ቆሙ። «ያ የኔ ደጅ ነው» አሉን።

ግጭ መንደር ነበር ለካ። ሙስሊሞች ናቸው ነዋሪዎቹ፣ ገብስ ያርሱ፣ ከብትና በግ ያረቡ ነበር። ፓርኩ በኛ አቆጣጠር በ1962 ሲቋቋም መንደሩ ቀድሞ እዛው አለ፣ በ1978 እ.ኤ.አ ዩኔስኮ ሲመዘግበውም አለ፣ በኋላ እርሻውና ግጦሹ ተራራውን ሲጨርሰው፣ ለዋልያውና ለቀይ ቀበሮው ቦታ ሲጠፋ፣ ፓርኩ 1996 እ.ኤ.አ ላይ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። በኛ በ2008 የመንደሩ ሰው ደባርቅ ሰፈረ፣ በዓመቱ 2017 እ.ኤ.አ ፓርኩ ከዛ መዝገብ ወጣ። ይሄን ቁጥር እንደ ጥሩ ዜና ነበር የማውቀው፣ ጥሩ ዜናም ነው፣ ሳሩ አድጓል፣ አይቼዋለሁ። ግን እኚህ ሰው አጠገቤ ቆመው የምድጃቸውን ቦታ በዱላ እያሳዩኝ ነበር።

ደባርቅ እንዴት ነው አልኳቸው። «ቆላ ነው» አሉኝ። ደባርቅ! ብርድ አጥንት የሚሰብርበት ከተማ እኮ ነው። ሳቅኩ፣ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

እዛው የድንጋዩ ክምር አጠገብ ጭላዳዎች ነበሩ፣ ግቢው ውስጥ ማለት ይቻላል፣ ሳራቸውን ይነጫሉ። «አንቱስ አልወረወሩባቸውም ድሮ?» አልኳቸው። «ኡኡቴ! ክንዴ እስኪገነጠል!» አሉ፣ ከዛ ጋቢያቸውን አስተካክለው ትንሽ ራቅ ብለው ሰላታቸውን ሰገዱ። ጭላዳዎቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋቸውም።

ከዛ በኋላ ያየሁት ብዙ ነው፣ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆሜ ከስሬ ገደሉ አልቆ ሌላ ገደል ሲጀምር አይቻለሁ፣ ጨነቅ ላይ ዋልያ አይቻለሁ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ጀርባው ድረስ የታጠፈ ትልቅ ወንድ፣ እኔ በማልቆምበት ቋጥኝ ላይ ቆሞ ያመሰኳል፣ እስከዛ ቀን ዋልያ የማውቀው በብሄራዊ ቡድኑና በቢራ ጠርሙስ ነበር። ቀይ ቀበሮ አላየንም። ጓደኛዬ ተናደደ፣ እኔ ደግሞ ለሱ እዚህ ድረስ ምን አመጣን፣ እኛው ደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት ደንቆሮ ጫካ አለ አይደል (ስሙ ነው፣ ስድብ አይደለም) እያልኩ አጽናናሁት። እስካሁን እዛም አልሄድንም።

ስንመለስ አንድ ሳምንት ቆይቼ ጉጉፍቱ ሄድኩ። እምዬ አይኗ ደክሟል፣ ስልኩን አስጠግቼ የግጭን ፎቶ አሳየኋት፣ ያን ሁሉ ጭላዳ። ዝም ብላ ብዙ አየችው። ከዛ «ጠባቂ የለውም እንዴ ይሄ አገር?» አለች።

አለው፣ ለነሱ ነው ጠባቂው፣ ጠብመንጃም አለው አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እሱን ለማየት ስንት አወጣህ ስትለኝ ግን ዋሸኋት።