ግማሽ ዘፈን

ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ሰሞን እዚህ አገር ይከብደኛል። የፈረንጆቹ በዓል አልፎ መብራቱ ከየመንገዱ ወርዷል። የእኛም ገና አልፏል። አስር ሰዓት ሲል ይጨላልማል። ምግብ የመሥራት ወኔም አልነበረኝ፤ ዋተርሰኖች የሚባሉትን የእንግሊዝ ባህላዊ ዘፈን ዘፋኞች ከፈትኩ።

ሃል ከምትባለው የሰሜን እንግሊዝ የወደብ ከተማ የወጡ ናቸው። ኖርማ፣ ማይክና ላል የአንድ እናት ልጆች፣ ጆን ሃሪሰን ደግሞ ዘመዳቸው። እናት አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተው ያሳደገቻቸው አያታቸው ናት። በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጡት አልበም ዓመቱን በዓል በበዓል እየተከተለ ይሄዳል፤ የፋሲካው፣ የመኸሩ፣ የገናው። ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ። ጉሮሮ ብቻ።

መጀመሪያ ላይ ይሻክራል። ድምፃቸውን አያለሰልሱትም። አንድ ላይ ሄደው ሄደው ድንገት ይለያያሉ፤ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። መሃሉ ባዶ ይቀራል። እኔን የሚወረኝ እሱ ባዶው ነው።

ከነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ዋሴል የሚባሉት አሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ መርቀው መጠጥ የሚቀበሉባቸው ናቸው። ሆያ ሆዬ ላይ ላደገ ማስረዳት አያስፈልግም። ሶመርሴት በምትባል የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ግን ለፖም ዛፍም ይዘፈናል! ካርሃምፕተን በምትባል መንደር ጃንዋሪ 17 ማታ ዛፉን ይከቡታል። ሥሩ ላይ ሳይደር የሚሉትን የፖም መጠጥ ያፈሳሉ፣ በሳይደር የራሰ ዳቦ ለወፎች ቅርንጫፉ ላይ ያደርጋሉ፣ ክፉ መንፈስ እንዲሸሽ ጠመንጃ ይተኩሳሉ። ቀኑ 17 የሆነው እንግሊዝ በ1752 አቆጣጠሯን ስትቀይር 11 ቀን ስለዘለለች ነው። እነሱ በድሮው ጸኑ። በዓመት ሁለት ገና የምታከብር ሴት እንዴት አትወዳቸውም?

ሐሳቤን ይዛው የሄደችው ግን ኖርማ ናት። በ1968 ቡድኑ ተበተነ። እሷ ሞንትሰራት የምትባል የካሪቢያን ደሴት ሄዳ ሬዲዮ ላይ ሙዚቃ አቅራቢ ሆነች። ውርጭ የማያውቅ አገር። እዚያ ብቻዋን ስታንጎራጉር የትኛውን ነበር የምትለው? የራሷን መስመር? የላል ድምፅ ከሌለበት እኮ ግማሽ ዘፈን ነው።

ኮፐሮች የሚባሉት የደቡብ እንግሊዝ፣ የሰሴክስ ዘፋኝ ቤተሰብ ደግሞ ይብሳሉ። ከአባት ለልጅ ሲወርድ የመጣው በሁለት ድምፅ ነው፤ አንዱ ላይኛውን ይይዛል፣ ሌላው ታችኛውን። በ1898 ኬት ሊ የምትባል ሴት ሄዳ ከሁለቱ ወንድማማቾች ከጄምስና ከቶማስ አፍ ዘፈኖቹን ጻፈች። የዚያን ቀን አንደኛው ባይገኝስ ኖሮ?

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። እማዬ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን፤ ሁላችንም ያችኑ ዜማ። ስለዚህ ስንበተን እያንዳንዳችን ሙሉዋን ይዘናት ሄድን። ትልቁ ዱባይ ወሰዳት፣ ትንሿ ሜሪላንድ፣ እኔ እዚህ። ለማንም አልጎደለችም። ድሮ በዚህ እጽናና ነበር፤ ዛሬ ግን ቅር አለኝ። እነ ኖርማ ዘፈኑ እንዲሞላ የግድ መገናኘት ነበረባቸው። በ1972 ተሰባስበው እንደገና ዘፈኑም። እኛን ምን ያስገድደናል? ዘፈናችን ያለ ወንድሜም ይሞላል፣ ያለ እኔም ይሞላል። በዓል በመጣ ቁጥር «እንኳን አደረሳችሁ» ተባብለን እንዘጋለን።

ይህን ሁሉ ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ጻፍኩ። «ለፋሲካ አንድ መዝሙር ድምፅ ተከፋፍለን ብንለማመድስ? እኔ ታችኛውን እይዛለሁ።»

እማዬ የጸሎት እጅ ላከች። ትንሿ አይታ ዝም። ትልቁ ግን ሥራ ላይ ሆኖ እንኳ አላለፈኝም።

«አንቺ ምን አስቸገረሽ? ብቻሽን ስትዘምሪም ሦስት ድምፅ አለሽ። አንዱም ልክ አይደለም።»