ከወንጀል ነጻ

ዛሬ ለአዲሱ ሥራ የተጠየቅኩትን «ከወንጀል ነጻ» ማስረጃ ላወጣ ሄጄ ሰልፍ ላይ ዋልኩ። ከፊቴ የቆመ ጎልማሳ «እኔ እንኳ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ታስሬ ነበር። ግን እስቲ ልሞክር ብዬ ነው» አለኝ። በምን እንደታሰረ አልጠየቅኩትም።

ዴቫ ፔጀር የምትባል አሜሪካዊት የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ትዝ አለኝ። በሚልዋኪ ከተማ ወጣት ወንዶችን ጥንድ ጥንድ አድርጋ፣ ነጮቹን ለብቻ ጥቁሮቹን ለብቻ፣ ሥራ ፈላጊ አስመስላ ወደ 350 ቀጣሪዎች ላከች። ትምህርታቸውም ልምዳቸውም ተቀራራቢ ነው። ከጥንዱ አንደኛው ግን በአደንዛዥ ዕፅ ተፈርዶብኝ 18 ወር ታስሬያለሁ ይላል። የውሸት ነው እንግዲህ፤ ልጆቹ ተማሪዎች ናቸው።

ነጮቹ ታስረን አናውቅም ሲሉ 34 በመቶ፣ ታስረናል ሲሉ 17 በመቶ ተጠሩ። ጥቁሮቹስ? ንጹህ ሆነው 14፣ ታስረናል ሲሉ 5። ልብ በሉ! እስር ቤት ነበርኩ ያለው ነጭ ምንም ያላጠፋውን ጥቁር በልጦ ተጠርቷል።

የእኛ አገር ጉዳይ ሌላ ነው፤ የቆዳ ቀለም ነገር የለበትም። በሩ ግን እዚህም ያው በወረቀት ነው የሚዘጋው። ለገንዘብ ያዥ ቢጠየቅ ይገባኛል። ፍርዱን ጨርሶ የወጣን ሰው ለአትክልተኝነት ይህን ወረቀት አምጣ ማለት ግን ምን የሚሉት ነገር ነው? ከየት ሠርቶ ይብላ?