ዲ-ዳይመር «የለም» ይላል እንጂ «አለ» አይልም

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው። ሁልጊዜ ሌሊት። ዘመድ አዝማድ ደም የምቀዳ ይመስለዋል። የኔ ሥራ የሚጀምረው ግን ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው። ከድንገተኛ ክፍል ስልክ ሲጮህ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ስለ አንድ የደም ምርመራ ነው፦ «ዲ-ዳይመሩ አልደረሰም?»

ይህ ምርመራ የሚሠራው ሰማያዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ነው። ቲዩቡ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት አለ፤ ልኩ ለዘጠኝ እጅ ደም አንድ እጅ ነው። ደሙ ከመስመሩ በታች ከሆነ ልኩ ይዛባል፤ ናሙናውን መልሼ እልካለሁ። ነርሷ ትቆጣለች። እውነቷን ነው፤ እዚያ ደረቱን ይዞ የሚጮኽ ሰው አጠገቧ አለ። ቢሆንም በተዛባ ናሙና ቁጥር አላወጣም።

ደረቱን ድንገት ለሚያመው ሰው ሐኪሙ ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ የአዎርታ መሰንጠቅ ነው። አዎርታ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ነው፤ ግድግዳው ሦስት ድርብ አለው። የውስጠኛው ሲቀደድ ደሙ በቀዳዳው ገብቶ ድርቦቹን እየለያየ ይወርዳል። የካፖርት ገበር ሲተረተር እጃችን እጅጌውን ስቶ በገበሩና በጨርቁ መሀል እንደሚገባው ማለት ነው። የተሰነጠቀው ለልብ የሚቀርበው ክፍል ከሆነ ቀዶ ጥገና በአስቸኳይ ያስፈልጋል። መማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን ሲጠቅሱት የኖሩት ስሌት፣ ካልታከመ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየሰዓቱ ከ100 ታማሚ 1 ወይም 2 ይሞታል የሚል ነው።

ታዲያ ደም ምርመራው ምን ያደርጋል? ደም ሲረጋ ፋይብሪን የሚባል ክር ይሠራል፤ ሰውነት ደግሞ መልሶ ይቆራርጠዋል። ዲ-ዳይመር የዚያ ስብርባሪ ነው። በተሰነጠቀ አዎርታ ውስጥ ደም ስለሚረጋና ስለሚሟሟ ቁጥሩ ይወጣል። ችግሩ፣ በእርግዝና፣ በኢንፌክሽን፣ በካንሰር፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ፣ እንዲያው በዕድሜ ብቻም ይወጣል። ስለዚህ ከፍ ማለቱ ብቻውን ምንም አይነግርም። ጥቅሙ ዝቅ ሲል ነው።

እሱም ቢሆን ለሁሉም ሰው አይደለም። ሐኪሙ መጀመሪያ ታማሚውን አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ማርፋን ሲንድረም (የደም ሥር ግድግዳን የሚያላላ የዘር በሽታ) ወይም በቤተሰብ የአዎርታ በሽታ አለ? ሕመሙ ድንገት የመጣ፣ ከባድ፣ የሚቀድ ዓይነት ነው? የሁለቱ ክንድ ደም ግፊት ይለያያል? ነጥቡ ከ0 እስከ 3 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው አድቫይዝድ የተባለው ጥናት በ4 አገሮች 1,850 ሰዎችን አካቷል። ነጥባቸው 0 ወይም 1፣ ዲ-ዳይመራቸውም ከ500 በታች ከሆኑት 924 ሰዎች በሽታው የተገኘው በ3ቱ ብቻ ነው። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ስንት ሰው ከማያስፈልግ ሲቲ ስካን ይተርፋል! ነጥቡ 2 ወይም 3 ከሆነ ግን የኔን ውጤት መጠበቅ ጊዜ መግደል ነው። ቀጥታ ወደ ሲቲ። ደሙ ግድግዳው ውስጥ ረግቶ ከቀረ ደግሞ ዲ-ዳይመሩ ዝቅ ብሎ ሊያታልል ይችላል።

የበለጠ የሚያስፈራኝ ትሮፖኒን ነው፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን። ስንጥቁ የልብን ደም ሥር ከነካ ትሮፖኒን ይወጣል፤ ሁሉም ሰው «ሃርት አታክ ነው» ይላል። ከዚያ ደም ማቅጠኛ ይሰጣል። ለተቀደደ አዎርታ ደም ማቅጠኛ! «አለ» የሚል የደም ምርመራ ለማግኘት ጃፓኖች ከአዎርታው ጡንቻ የሚወጣ ማዮሲን የተባለ ፕሮቲን ላይ ብዙ ሠርተዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከፍ ብሎ ቶሎ ይወርዳል። እኛ ላብ ግን የለም። ዛሬም «አለ» የሚለው ምስሉ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በአጎቴ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ቼክአፕ አድርገው ዲ-ዳይመራቸው 780 ወጣ። ኢንተርኔት ላይ ስለ አዎርታ አነበቡና እንቅልፍ አጡ።

«አንተ አሜሪካ ላብ ውስጥ አይደል የምትሠራው? ልሞት ነው ወይስ አልሞትም?»

«ጋሼ፣ ደረትዎን ወይም ጀርባዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም! ጉንፋን ብቻ ነበር፣ እሱም ለቆኛል።»

ወረቀቱን በቴሌግራም አስላክሁ። ከቁጥሩ ቀድሜ ያየሁት መለኪያውን ነው። አንዱ ላብ ኤፍ.ኢ.ዩ. በሚባለው ይጽፋል፣ ሌላው ዲ.ዲ.ዩ. በሚባለው፤ የሁለተኛው 250 ከመጀመሪያው 500 ጋር ይቀራረባል። ሁለቱን ሳይለዩ ማወዳደር ጉድ ያመጣል። የሳቸው ኤፍ.ኢ.ዩ. ነበር። ሕመም ለሌለው፣ ገና ከጉንፋን ለተነሳ ሽማግሌ 780 ምንም አያስደነግጥም። እንዲያውም ማን እንዳዘዘው አልገባኝም፤ ፓኬጁ ውስጥ ስላለ ተሠራ።

ከዚያው ወረቀት ግርጌ ደም ግፊታቸው ተጽፏል፦ 168 በ96። አዎርታን ከሚሰነጥቁት ነገሮች ዋናው ይህ ነው።

«ጋሼ፣ የግፊት ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

ዝም አሉ። ከዚያ ቅር ብሏቸው፣ «እሱንማ ሰፈር ያለው ፋርማሲም በነፃ ይለካልኛል» አሉኝ።