የማያመው ዓይን

መጀመሪያ ያስተዋልኩት አያቴ ቡና ሲያፈሉ ነው። ከሰሉን ሲያራግቡ የአመድ ብናኝ ግራ ዓይናቸው ውስጥ ገባ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ማራገባቸውን ቀጠሉ። ጠጋ ብዬ ሳየው ዓይኑ ቀልቷል። «ያምዎታል?» ስላቸው «ኧረ ምንም አላለኝ» አሉ። በማግስቱ የሄድንበት ጤና ጣቢያም ይህንኑ ጠይቆ፣ ይህንኑ መልስ ሰምቶ መለሰን። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ጥያቄ ነው።

አያቴ በሥጋ ደዌ ታመው ከጎጃም አዲስ አበባ የመጡት፣ አለርት ሆስፒታል ታክመውም ዘነበወርቅ አካባቢ የቀሩት በወጣትነታቸው ነው። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች ባክቴሪያውን ካጠፉላቸው ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ የሞተ ነርቭን ግን መድኃኒት አይመልሰውም። የዓይን ቆብን የሚያስከድነው ነርቭ ሲጎዳ ቆቡ አልገጥም ይላል፤ የብሌንን ስሜት የሚያደርሰው ሲጎዳ ደግሞ ዓይን ጉድፍም ጭረትም አይሰማውም። ዓይኑን ካላርገበገበ እንባው አይዳረስም፤ ስለዚህ ብሌኑ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል፣ በመጨረሻም ጠባሳ ይይዛል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ላያመው ይችላል።

ከጤና ጣቢያው በተመለስንበት ሌሊት፣ እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ፣ በባትሪ አየኋቸው፤ በግራው ቆብ ሥር የዓይናቸው ነጭ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል።

በኋላ ያየቻቸው የዓይን ሐኪም ሕመም አልጠየቀችም። «እንደሚተኛ ሰው ቀስ ብለው ይጨፍኑ» ብላ ክፍተቱን በማስመሪያ ለካች፤ 4 ሚሊ ሜትር ነበር። በቀጭን የጥጥ ጫፍ ብሌናቸውን ስትነካው ዓይናቸው አልተርገበገበም። ከዚያ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ ብርሃን ስታሳየኝ፣ የተላጠው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ በራ። የቆቡ መድከም ገና ስድስት ወር ያልሞላው ቢሆን ኖሮ የነርቭ እብጠትን የሚቀንሰው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ሊረዳው ይችል እንደነበር ነገረችኝ። የእሳቸው ግን የቆየ ስለነበር ቁስሉ በአንቲባዮቲክ ከታከመ በኋላ የቆቡ ዳር በቀዶ ሕክምና ተሰፋ፤ ክፍተቱም ጠበበ።

አሁን ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባት ያደርጋሉ፤ ከአቧራው መነጽር አድርገው ይወጣሉ፤ ሲተኙም ንጹሕ ጨርቅ ዓይናቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ሥጋ ደዌ የነበረበት ዘመድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ሲተኛ ዓይኑን እዩለት፤ ከቀላ ወይም ካልገጠመ፣ አላመመኝም ቢልም፣ ሳትዘገዩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። እኔ ጠዋት ጠዋት መስታወት ይዤላቸው እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ቆቡን በጣታቸው ዝቅ አድርገው መቅላቱን ያያሉ፣ እኔም አያለሁ።